የላባ እጅ

ሰፈርተኛው ላባ ይለው ነበር። ስሙን ያወጣለት ፊቱን ብጉር የጎዳው አንድ ደንበኛ ነው። ተላጭቶ ሲያበቃ ጉንጩን በመዳፉ ዳበስ አደረገና፣ «ምላጩ መቼ እንዳለፈ እንኳ አላወቅኩም፣ ላባ ነው ያሳለፍክብኝ» አለው። ከዚያ ወዲህ እናቱ ባወጣችለት ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስትቆጣ።

ፀጉር ቤቱ የራሱ አልነበረም። የከፈተው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ሁለት ወንበር፣ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ የሸፈነ መስታወት፣ በሩ አጠገብ ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ፣ ከጀርባ ደግሞ ላባ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር የሚኖርባቸው ሁለት ክፍሎች። ክፍሎቹም የሚስቱ ወንድም ንብረት ናቸው። ኪራይ ጠይቆ አያውቅም፤ ግን ሰው በመጣ ቁጥር «እነዚህ ከኋላ ያስጠጋኋቸው» ሳይል አያልፍም።

ይህን ሰው ሳቂታው ይሉታል። ሲስቅ ነው የሚውለው፤ የሚስቀው ደግሞ ሁልጊዜ በሰው ነው። ራሰ በራ ሲመጣ «አንተን የማስከፍልህ ለቆረጣው ሳይሆን ለፍለጋው ነው» ይላል፤ ወፍራም ሲመጣ ወንበሩን ይቅርታ ይጠይቀዋል። አግዳሚው ላይ ያሉት ሆዳቸውን ይዘው ይንከተከታሉ፤ ተራው የደረሰው ምስኪን አብሮ ከመሳቅ ሌላ ምርጫ የለውም። ሰው ለፀጉሩ ብቻ ሳይሆን ለጨዋታውም ይመጣ ነበር። ምላጭ ሲሆን ግን ሁሉም ወደ ላባ ወንበር ነው የሚያየው። ጡረተኛው መምህርማ የሳቂታው ወንበር ባዶ ሆኖ እንኳ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ላባን ይጠብቃሉ። «እኔ አንገቴን የምሰጠው ለዚህ ልጅ ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

የላባ እንቅልፍ የጠፋው በአንድ የጨርቅ ነጋዴ ምክንያት ነው።

ዝናብ ባረፈደበት አንድ ጠዋት ነጋዴው እየተቻኮለ ገባ። ሴት ልጁ በዚያው ቀን ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፤ ፎቶ ላይ ጎፍሮ መታየት አልፈለገም። ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ ስለ ልጁ ሲያወራ ላባ አረፋውን ቀባው፣ ጉንጮቹን ጨረሰ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ምላጩን ከመንጋጋው ሥር አሳረፈ። ነጋዴው ወሬውን አቋረጠ። ላባ በሆዱ «ተመስገን» አለ፤ አንገቱን እየተላጨ የሚያወራ ሰው አይወድም ነበር። ወዲያው የሰውየው ራስ ዱብ ብሎ ወደ ፊት ወደቀ፤ ምላጩ ላይ ወደቀ።

ቁስሉ ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ነጩ አረፋ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ነው የታየው። አግዳሚው ላይ የነበረ አንድ ሰው ግን «አረደው» ብሎ ጮኸና በሩን ጥሶ ወጣ። መንገደኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ፖሊስ መጣ፣ ሬሳው ተመረመረ። ልቡ ነው አሉ፤ ምላጩ ሳይቆርጠው በፊት ሞቷል አሉ። የሟች ሚስት ራሷ ከቀብር በኋላ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥታ፣ «ባሌ ፊቱ ጸድቶ ነው የሄደው፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው» ብላ መርቃው ሄደች።

ማንም አልከሰሰውም። እንቅልፍ ግን ጥሎት ሄደ። ዓይኑን ገና ሲከድን የዚያ ሰው ራስ ክብደት መዳፉ ላይ ይወድቅበታል፤ ብድግ ብሎ ይቀመጣል፤ ልቡ በአፉ ልትወጣ ትደርሳለች። ቀን ቀን ጉንጭ ላይ እያለ ደህና ነው። አንገት ላይ ሲደርስ ግን ጆሮው ይጮኻል፣ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ደንበኛው ዝም ካለ ይብስበታል። «ተጫወት እንጂ» ይላል፤ ደንበኛው ግራ እየገባው ያወራል። ሳቂታው ይህን ሲሰማ፣ «አውሩ፣ አውሩ፣ በሕይወት መኖራችሁን ማጣራት ይፈልጋል» ይልና አግዳሚውን ያስቃል።

ሐኪም ቤት እጁን ይዛ የወሰደችው ሚስቱ ናት። ይህ እውነት ነው፤ በኋላ የሆነው ሁሉ ሆኖ እንኳ ላባ ይህን አይክድም። የአእምሮ ሐኪሟ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ሴት ነበረች። ታሪኩን ሳታቋርጠው ሰማችው። ጠዋት የሚወሰድ አንድ፣ ማታ ለእንቅልፍ የሚወሰድ አንድ መድኃኒት አዘዘችለት።

«የጠዋቱ ቶሎ አይሠራም። ጥቂት ሳምንታት ታገሠው» አለችው። «መጀመሪያ አካባቢ አፍህ ይደርቃል፣ ጠዋት ጠዋት ራስህ ይከብዳል፣ እጅህም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ያልፋል።»

«እጄ?» አለ ላባ።

«ትንሽ። ከባሰብህ ና፣ እናስተካክለዋለን። ዋናው ግን ይህን ስማኝ፤ ተሻለኝም ብለህ፣ ሰለቸኝም ብለህ በራስህ እንዳታቆም። ሲቆም በኔ በኩል፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚቆመው። ድንገት ከተቋረጠ ሰውነትህ ይቀየምሃል።»

ላባ እንደተባለው አደረገ። መጀመሪያ ላይ ምላሱ እንጨት ሆነ፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ከጉድጓድ የመውጣት ያህል ከበደው። እጁ ጥቂት ስትንቀጠቀጥበት ምላጩን ትቶ መቀስና ማሽን ላይ ብቻ ሠራ፤ ለሳቂታው «ትከሻዬን አሞኛል» አለው። ከዚያ መንቀጥቀጡ እንዳለችው አለፈ። አንድ ቀን ፀሐይ መስኮቱ ላይ ከወጣች በኋላ ነቃ። ጉንጩ ላይ የትራሱ እጥፋት ታትሞበት ነበር። ሚስቱ እያየችው ሳቀች፣ ትንሿ ልጁም መጥታ በጣቷ እጥፋቱን ተከትላ ሄደች። በዚያ ሳምንት መምህሩን ላጫቸው። አንገታቸው ላይ ሲደርስ ልቡ ደንገጥ አለች እንጂ አልጋለበችም። መምህሩ ጉንጫቸውን ዳስሰው «ተመለስክልኝ» አሉት።

ነገሩ እዚያው ቢቀር ጥሩ ነበር። ሚስቱ ግን ለወንድሟ ነገረችው።

ለክፋት አልነበረም። ብቻዋን መሸከም ከብዷት ነው። ሳቂታው ያን ዕለት አዝኖ ሰማት፤ «አይዞሽ እህቴ» አላት። በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ መቀሱን ከደንበኛው ጆሮ ግንድ ሳያነሳ ወሬ ጀመረ።

«እስቲ ላባን ቀስ ብላችሁ አናግሩት። መድኃኒት ላይ ነው።»

«ምን አገኘው?» አለ አንዱ።

«ክፉ ነገር አይደለም። የራስ ነው።» በመቀሱ ጫፍ ግንባሩን ነካ ነካ አደረገ። «ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ማታ አንድ ፍሬ። የጠዋቱ እሱ ሰው እንዳይፈራ ነው። የማታው እኛ እሱን እንዳንፈራው ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ላባ በእጁ የያዘው ፎጣ ነበር፤ አጣጥፎ ዘረጋው፣ ደግሞ አጣጠፈው። ተራው የመምህሩ ነበር። መምህሩ ጋዜጣቸውን አጠፉ፣ ተነሡ፣ የላባን ወንበር አልፈው ሄደው በሳቂታው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ዛሬ እንኳ ለለውጥ ያህል ነው» አሉ፣ መስታወቱ ውስጥ ላባን ላለማየት እየተጠነቀቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላባ የሚለው ስም ጠፋ። እንክብሉ አሉት። «እንክብሉ፣ ፎጣ አቀብለኝ።» «እንክብሉ፣ ዛሬ ውጠሃል?» ወንበሩ ባዶውን ይውል ጀመር። ለፀጉር የሚቀመጥለት አንዳንድ ሰው ቢገኝ እንኳ፣ ምላጭ ሲያነሳ «ተወው፣ ቸኩያለሁ» ብሎ ይነሳል።

ሚስቱን ጠየቃት። «ለምን ነገርሽው?»

«ወንድሜ ነው። ለማን ልንገር? አንተ ለሐኪሟ ትነግራለህ። ለኔስ ሰው አያስፈልገኝም?»

እውነቷን ነው።

ጥቂት ቆይቶ ሳቂታው ራሱ ጠራው። ፀጉር ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ ላባ መጥረጊያውን ይዞ ቆሞ ነበር።

«ስማ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለው። «ግን ይህ ቤት የሚኖረው በሰው እምነት ነው። ሰው አንገቱን ለእብድ አይሰጥም።»

«እብድ አይደለሁም፣ ጋሼ። እንቅልፍ ነው ያጣሁት። አሁን ደግሞ እተኛለሁ።»

«በኪኒን ነዋ የምትተኛው። እኔ አባትህ በሆንኩ ዕድሜ ክፉ አልመክርህም፤ ከምላጩና ከእንክብሉ አንዱን ምረጥ። እንክብሉን ከመረጥክ ወንበሩን ሌላ ሰው ይዞ ይሥራበት። ክፍሎቹም ያው ለሠራተኛ ናቸው።»

ላባ ቤት ገብቶ መድኃኒቶቹን ከልብስ ሳጥኑ ሥር ወሸቃቸው። ለሐኪሟ አልነገራትም። ለሚስቱ ሲነግራት ደስ አላት። «እኔም ልማድ ይሆንበታል ብዬ ስፈራ ነበር» አለች። በዚያ ቀን ትከሻውን አቅፋ ብዙ ቆየች፤ እሱም ደግ ነገር የሠራ መሰለው።

ሰውነቱ ግን ሐኪሟ እንዳለችው ተቀየመው። ራሱን ዞር ባደረገ ቁጥር የተላጠ ሽቦ የነካ ይመስል ጭንቅላቱ ውስጥ ንዝረት ብልጭ ይልበታል። በትንሹ በትልቁ እንባው ይመጣል። እንቅልፉ እንደ ቀድሞው እንኳ አልሆነም፤ ጭራሽ ጠፋ። ዓይኑ ደም ለበሰ። ልጁ ማንኪያ ጥላ ቅጭል ስታደርግ ከመቀመጫው ዘሎ ይነሳ ነበር፤ እሷም ማንኪያ በያዘች ቁጥር ቀድማ እሱን ማየት ለመደች። ሳቂታው ሁኔታውን እያየ ለደንበኞቹ «እንክብሉ እየወጣለት ነው» ይላል።

አንድ ቅዳሜ አግዳሚው ሞልቶ፣ በር ላይም ቆመው የሚጠብቁ ነበሩ። የላባ ወንበር ባዶ ነው። ሳቂታው አንዱን ጨርሶ ሸኘና ቀጣዩን አልጠራም። ሄዶ የላባ ወንበር ላይ ተዘረጋ።

«ነገሩን ሰው ፊት እንጨርሰው» አለ። «መድኃኒቱን ትቷል፣ ሰው ሆኗል። በል ላጨኝ፤ ሁሉም ይይ።»

ላባ ጠጋ ብሎ በለሆሳስ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ይቅር። እንቅልፍ አላየሁም» አለው።

ሳቂታው ድምፁን ከፍ አደረገ። «እንቅልፍ አላየሁም ይላል። እኔ ነኝ አንገቴን የምሰጥህ፣ አንተ ምን ጨነቀህ? ወይስ ለደንበኞቼ ምን ልበላቸው?»

ሁሉም ያዩ ነበር። መምህሩም ከጋዜጣው በላይ ያያሉ። ላባ እጁን ታጠበ። አዲስ ምላጭ አስገባ። አረፋውን መታ፣ ቀባ። ጆሮው ይጮኻል። ቢሆንም ምላጩ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ እጁ ሥራዋን ታውቅ ነበር። የቀኙን ጉንጭ አንድ ጊዜ ሳይመለስ ጨረሰው። የግራውንም እንዲሁ። ከአግዳሚው «እጅ አለው እኮ» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ፈታ አለለት። ይህን ከጨረስኩ ያበቃል ብሎ አሰበ። ወንበሬ ይመለስልኛል፣ ነገ ደግሞ ሐኪሟ ጋ ሄጄ ጥፋቴን እነግራታለሁ።

አገጩን በግራ እጁ ቀና አድርጎ ምላጩን ከመንጋጋው ሥር አሳረፈ። ሳቂታው ወሬውን አቋረጠ። መስታወቱ ውስጥ ለአግዳሚው ዓይኑን እንደጠቀሰ ላባ አላየም፤ እሱ የሚያየው አንገቱን ብቻ ነበር። ሳቂታው ዓይኑን ገለበጠ፣ ምላሱን አወጣ፣ ራሱንም እንደ ሬሳ ዱብ አድርጎ ወደ ፊት ጣለ።

ላባ ምን እንዳሰበ ቢጠይቁት አያውቅም። ምንም አላሰበም። ግራ እጁን በምላጩና በአንገቱ መካከል ከተተ፤ የወደቀው ራስ ጣቶቹን ስለቱ ላይ አጣበቃቸው፤ ቀኝ እጁ በድንጋጤ ምላጩን ስባ አወጣች። ሦስቱ ጣቶቹ እስከ አጥንት ተቀደዱ።

መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነው። አግዳሚው ቀልዱ ገብቶት እየሳቀ ነበር። ሳቂታውም ራሱን አቅንቶ እየሳቀ ተነሣ፤ ከዚያ ደሙን መስታወቱ ላይ አየው። አንገቱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ዳበሰ፣ መዳፉን አየ። በመዳፉ ላይ ያለው ደም የላባ ነበር። አንገቱ ላይ አንዲት ጭረት አልነበረችም።

«ሊያርደኝ ነበር» አለ።

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ላባ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። «ሞቶ መስሎኝ ነው» ይላል። «ሞቶ መስሎኝ ነው።» ደጋግሞ ይህን ብቻ ስለሚል እብደቱ ለየለት አሉ።

ሆስፒታል ወጣት ሐኪም ነበር የተቀበለው። ቁስሉን እያጠበ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለው። ላባ የሁለቱንም ስም ነገረው። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ለዘበ።

«ራስህን ለመጉዳት አስበህ ነበር?»

«የለም። እሱ የሞተ አስመስሎ ራሱን ጣለ። አንገቱን እንዳይቆርጠው እጄን ከተትኩ።»

«እሺ» አለ ሐኪሙ። «የሞተ አስመስሎ። እሺ። ድምፅስ ይሰማሃል?»

እጁ ከተሰፋ በኋላ ቀበቶውንና የጫማውን ክር ወሰዱበትና በር ላይ ዘበኛ ወዳለበት ክፍል አዛወሩት። እውነቱን በተናገረ ቁጥር «እሺ» ይሉታል። ይህ «እሺ» ከሳቂታው ሳቅ ይልቅ አንጀቱን አቆሰለው።

የራሱ ሐኪም ሰምታ መጣች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ጠየቀችው፤ መድኃኒቱን ማን አቁም እንዳለው፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳልተኛ። ተቆጣችው፤ ለምን አልመጣህም አለችው። ቀጥላም፣ «አምንሃለሁ» አለችው። «እዚህ እንዳትቆይ አደርጋለሁ። መድኃኒትህንም እንደገና ከዝቅተኛው እንጀምራለን። ግን የኔ ማመን ጣቶችህ እንዲታጠፉ አያደርግም።»

አልታጠፉምም። ቁስሉ ዳነ፤ ጅማቶቹ ግን አልገጠሙም። መካከለኛው፣ የቀለበቱና ትንሿ ጣት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጥ ብለው ቀሩ።

ከሆስፒታል ሲወጣ መጀመሪያ የሄደው መምህሩ ቤት ነው። በር ላይ ቆመው አነጋገሩት።

«ጋሽ መምህር፣ እርስዎ ነበሩ። አይተዋል። ለሚስቴ የሆነውን ይንገሩልኝ፣ ሌላ አልጠይቅም።»

መምህሩ የበሩን እጀታ አሹ። «ልጄ፣ እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር» አሉ። «ቀና ስል ደም ነው ያየሁት።»

«አይተዋል፣ ጋሽ መምህር።»

«እግዜር ይማርህ» አሉና በሩን ገፋ አደረጉ። ፀጉራቸው አዲስ የተቆረጠ ነበር።

ሚስቱ ልብሱን በሻንጣ አድርጋ ወንድሟ ደጅ ላይ ጠበቀችው። ልጅቷን ወደ ወንድሟ ግቢ ይዛ ገብታለች፤ «እስኪሻልህ ድረስ ነው» አለችው። ዓይኗ አብጦ ነበር። ላባ ታሪኩን ሊነግራት ሲጀምር እጇን አነሣች።

«አውቃለሁ» አለች። «ጋሼ ቀልዶብህ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜን አላውቀውም እንዴ? ሲያድግም እንዲህ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ውሸታም ልበለውና ከነልጄ ከቤቱ ልውጣ? አንተ በአንድ እጅህ የት ታስገባን?»

ሻንጣውን ተቀብሎ ሄደ። መምህሩም እሷም እውነቱን ባያውቁ ኖሮ ይሻለው ነበር።

አንድ ክፍል ተከራየ። እሑድ እሑድ ሚስቱ ልጅቷን ይዛ ትመጣለች፤ በሩ ክፍት ሆኖ፣ እሷም ከአጠገባቸው ሳትርቅ ይጫወታሉ። አንድ እሑድ ልጅቷ ልታቅፈው ሮጣ መጣችና እግሩ ሥር ስትደርስ ቆመች። አንጋጣ አየችው።

«አባ፣ ዛሬ መድኃኒትህን ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ» አላት። ያን ጊዜ አቀፈችው። ማን እንዳስተማራት ሚስቱን አልጠየቃትም።

ዓመት ገደማ እንዲህ አለፈ። መድኃኒቱን በሥርዓቱ ይወስዳል፣ ይተኛል። ራቅ ያለ ሰፈር አንዲት ሴት የምታስተዳድረው ትንሽ ፀጉር ቤት ሠራተኛ ለቆባት አገኘና ገባ። ማበጠሪያውን በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ መያዝ ተማረ። «በማሽንና በመቀስ ብቻ ነው የምሠራው፣ ምላጭ አልነካም» አላት፤ ሴትየዋም ምክንያቱን አልጠየቀችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረምሳ ገባ። የስልክ ዕቃ ሻጭ ነው፤ አፉ አያርፍም። ላባ የጎረምሳውን ራስ ግማሽ አስተካክሎ ወደ ሌላው ሲዞር ልጁ የፀጉር ቤት ወሬ አነሣ።

«እናንተ ሥራ ውስጥ ጉድ አለ እኮ። እዚያ ማዶ አንድ እብድ ነበር አሉ፣ እንክብሉ የሚሉት። አንድ ነጋዴ አንገቱን ቆርጦ ገደለ፤ በገንዘብ አስለቀቁት። ቀጥሎ የገዛ አማቹን ወንበር ላይ አስተኝቶ ሊያርደው ሲል፣ ሰውየው ጀግና ነው፣ ምላጩን ቀማው።»

«ከዚያስ?» አለ ላባ።

«ከዚያማ አስረው ወሰዱት። ሞቷል መሰለኝ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ አማቹ ራሱ ነው የነገረኝ፤ እዚህ ጋ፣ ከጆሮው ሥር፣ ጠባሳውን አሳይቶኛል።»

«እሱ የእባጭ ጠባሳ ነው» አለ ላባ።

ከአፉ ያመለጠው ሳያስበው ነው። ልጁ «እ?» አለና መስታወቱ ውስጥ አየው። ከዚያ ዓይኑ ወረደ፤ ማበጠሪያውን የያዘችውን እጅ አየ፤ ቀጥ ብለው የቆሙትን ሦስት ጣቶች አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይበቃኛል» አለ፣ ለመነሣት እየሞከረ። «ጥሩ ነው፣ ይበቃኛል።»

«ግማሽ ራስህን ይዘህ የት ትሄዳለህ? ተቀመጥ።»

ልጁ ተቀመጠ። ላባ የቀረውን ሳይቸኩል አስተካከለ። ማሽኑን አጠፋ። እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። መሳቢያውን ከፈተ፤ ከእሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ የተወው የምላጭ እጀታ እዚያ ነበር። አዲስ ምላጭ አስገባበት።

«አንገትህን ላጽዳልህ» አለ።

ልጁ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠ። ላባ አረፋ ቀባው። አገጩን በሁለቱ ደህና ጣቶቹ ቀና አደረገ። ጉሮሮው ከምላጩ ሥር ወጣ ገባ ሲል ያያል፤ የደም ሥሩ ሲዘል ያያል። እጁ አልተንቀጠቀጠችም። ልቡም አልጋለበችም። እንዲያውም ደስ አለው፤ ልጁ በፈራ ቁጥር የሚጨምር ደስታ ነበር። አንድ ጊዜ ያለፈበትን ደግሞ አለፈበት። የጸዳውን አጸዳ። ከልጁ ዓይን ጥግ እንባ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ሲገባ አይቶ አላቆመም፤ ጥቂት ቆየበት።

«ዝም አትበል፣ ተጫወት» አለው።

ሲያበቃ ፎጣውን አነሣለት። አንገቱ ላይ አንዲት ጭረት አልነበረችም። ልጁ መስታወት ሳያይ፣ ሒሳቡን መሳቢያው ላይ ጥሎ ወጣ፤ ከበሩ ማዶ ሲሮጥ ታየ።

ሴትየዋ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የፈረጠጠው?»

«አንገቱን አጸዳሁለት።»

«ምላጭ አልነካም ብለኸኝ አልነበር?»

«አልነካም ነበር» አለ፣ ምላጩን እያጠበ።

ማታ መድኃኒቱን ውጦ ጋደም ሲል የልጁ እንባ ትዝ አለው። ይህን ለሐኪሟ መንገር ይኖርብኛል ብሎ አሰበ። እንዴት አድርጎ እንደሚነግራት ሳይወስን እንቅልፍ ወሰደው።

ቀጠሮው ሲደርስ ሐኪሟ እንደወትሮዋ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ የልብ ምቱን ጠየቀችው። ሁሉም ደህና ነበር። መነጽሯን አውልቃ «ሌላ የምትነግረኝ ነገር አለ?» አለችው።

ላባ ጣቶቹን አየ። «የለም» አለ። «ደህና እተኛለሁ።»

ይህ እንኳ እውነት ነበር።